ኮምፒውተሬን ያስጾምኩ ጊዜ

ይህን የምጽፈው በአንድ ጣት ነው። ሌሎቹ ዘጠኝ ጣቶቼ ቆመው ያያሉ፤ መንገድ ሲቆፈር አንዱ እየቆፈረ ዘጠኙ አካፋ ተደግፈው እንደሚያዩት። ስለዚህ ፊደል ብገድፍ አትፍረዱብኝ። ትምህርቴ አቡጊዳ ላይ ነው የቆመው። መምህሬ ታመሙ፤ እሳቸው እስኪድኑ እኔ ሥራ ያዝኩ፤ እሳቸው ድነው ሲመጡ እኔ ደመወዝ ለምጄ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በኮምፒውተር ጉዳይ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ባለቤቴ አስካለም የምትለው ይህንኑ ነው። ጠዋትም ማታም ትለዋለች፤ ከምግብ በፊት እንደሚዋጥ መድኃኒት።

እኔ ግን አገባኝ። እንዴት እንዳገባኝ ላውራችሁ።

ሲያትል ውስጥ፣ ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ ካለ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ስንት ዘመን የሰው መኪና ሳቆም ኖሬአለሁ። መንገደኛው ቁልፉን ይሰጠኛል፣ አቆምለታለሁ፣ ሲመለስ አወጣለታለሁ። ኪዳኔም አብሮኝ ይሠራ ነበር። ኪዳኔ ወላጆቹ ኤርትራውያን ናቸው፤ እሱ ግን ድሬዳዋ ተወልዶ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው። በአማርኛ ይቀልዳል፣ በትግርኛ ይቆጣል፣ በእንግሊዝኛ ዝም ይላል። ነፍሱን ይማረውና፣ እንደሱ ያለ ጓደኛ ድጋሚ አላገኘሁም።

በዚያ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ የቪዲዮ ካሜራ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ሰው መካከል ሰርግ ይሁን ክርስትና እኔ ሳላነሳው ያለፈ የለም። ማንም ጠርቶኝ አይደለም። ባለሙያ ተቀጥሮ እንኳ እኔ ከፊቱ ሄጄ እቆማለሁ። የብዙ ሰው የሰርግ ቪዲዮ ላይ ቀለበት ሲደረግ የሚታየው የእኔ ጀርባ ነው። በእኔ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ሙሽሮቹ የሚታዩት ከአንገት በታች ነው። ሁለቱን አጋጥሞ ያየ ሰው አንድ ሙሉ ሰርግ አያጣም።

ልጄ ማርታ እንጀራዋ ኮምፒውተር ነው። ባለፈው ክረምት ቁም ሳጥኑን ሞልቶ የነበረውን ካሴትና ካርድ ሁሉ ሰብስባ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ገለበጠችልኝና ሳሎን ጥግ ላይ አቆመችው።

«አባዬ፣ ይሄ እንደ ሌላው ኮምፒውተር አይደለም» አለችኝ። «ፋይል የሚያስቀምጥበት ሲስተም የተለየ ነው። እያንዳንዱን ቪዲዮ ሁለት ቦታ ያስቀምጣል፤ ራሱን በራሱ ቼክ ያደርጋል፤ አንዱ ከተበላሸ ከሌላው አምጥቶ ፊክስ ያደርገዋል። ምንም አይጠፋብህም።»

ገባኝ። ጎተራ ጠባቂ ነው ማለት ነው፤ እህሉን እያገላበጠ የነቀዘውን የሚለቅም።

«ሜሞሪ ግን ይወዳል» አለች።

«ሜሞሪ ምንድን ነው?»

ትንሽ አሰበች። «ዲስኩን ጓዳ ነው በለው። ሜሞሪው ገበታው ነው። የሚፈለገው ነገር ከጓዳ ወጥቶ ገበታው ላይ ይቀርባል።» ከዚያ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለች አንዲት መስመር አሳየችኝ። እንደ መኪና ነዳጅ መለኪያ ናት፤ ገበታው ምን ያህል እንደተያዘ ትናገራለች። «ይቺን ለማየት ያህል እያት። ብቻ ምንም እንዳትነካ። ኦኬ?»

«ኦኬ» አልኳት። በዚህ አገር ከለመድኳቸው ቃላት ሁሉ ሳይገባኝ የምጠቀምበት ይሄ ነው።

ልጄ እንዲያው ገበታ ባትለኝ ኖሮ ምንም አልሆንም ነበር። ቁም ሳጥን ብትለኝ፣ መደርደሪያ ብትለኝ፣ በሰላም እኖር ነበር። ገበታ አለችኝ። ለእኔ ገበታ ላይ ያለ ነገር ይበላል፤ ሌላ ሙያ የለውም።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ወሩ ሐምሌ ነው። የኪዳኔ ሚስት ለተብርሃን ሰኞ ዕለት ቤታችን መጣች። እነሱም እኛም ማውንትሌክ ቴራስ ነው የምንኖረው፣ በእግር የሚደረስ ነው። የታናሽ ልጇ የሳባ ሰርግ ቅዳሜ ነው። ለተብርሃን ገና ሳትቀመጥ፣

«ወንድሜ፣ የትልቋ ሰርግ ላይ ኪዳኔ ሲመርቅ አንስተኸው አልነበረም?» አለችኝ።

«ምን ጥያቄ አለው! አንስቼዋለሁ።»

«ባለሙያው ያን ጊዜ ምሳ ሊበላ ወጥቶ ነበር። ያለኝ ያንተ ብቻ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያን ቀን ሳባንም አብሮ መርቋታል። እሷ ልጅ ነበረች፤ ምን እንዳላት አታስታውስም። እኔም ወጥ ቤት ስሯሯጥ አልሰማሁም። በሰርጓ ቀን አባቷ ይመርቃት ብዬ ነው። አዳራሹ ትልቅ ስክሪን አለው። እንዳትነግራት፣ ድንገት ነው የማሳያት።»

«ሁለት ቦታ ነው የተቀመጠው፣ ምን ታስቢያለሽ?» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«አደራ» ብላኝ ሄደች።

አደራ የሚባል ቃል ባይፈጠር ኖሮ እንቅልፌ እንዴት ጥሩ ነበር!

ማክሰኞ ጠዋት ተነሥቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ቪዲዮውን ከመፈለጌ በፊት ያቺን መስመር አየኋት። ሜሞሪው ስምንት ነው። ከስምንቱ ሰባቱ ተበልቷል! እኔ ገና ምንም አልነካሁ፣ እሱ ገበታውን ጠርጎታል።

«አስካለ! ነይ እዪ! ይሄ ነገር ሳይጋበዝ በልቷል!»

አስካለ መነጽሯን እንኳ ሳታደርግ አየችውና፣ «ማርታ አትንካ ብላሃለች፣ አትንካ። ካስጨነቀህ ደውልላት» አለችኝ።

ማርታ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዳለች፤ የምትመለሰው ዓርብ ነው። መደወልስ እችል ነበር። ግን ሰው በገዛ ልጁ ዘንድ ስንት ጊዜ አላዋቂ ይሆናል? ስልኩን ስታስተምረኝ አላዋቂ ነበርኩ፤ ቴሌቪዥኑን ስታስተምረኝ ከዚያ የባስኩ ነበርኩ። ለኮምፒውተሩ እንኳ ክብሬን ላስቀር ብዬ ጋቢዬን አመጣሁ።

ጋቢው ምን ሊያደርግለት ትላላችሁ። ኮምፒውተሩን ጠቅልዬ መኪና ውስጥ ላስገባው ነዋ! ከፊት ወንበር አስቀመጥኩት፣ ቀበቶም አሰርኩለት። አውራ ጎዳናው ላይ አጠገቤ የነበረች ፈረንጅ ጋቢ ለብሶ የተቀመጠውን አየችና ፈገግ ብላ እጇን አውለበለበች። እናቴ መስሏት ይሆናል።

ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሠፈር፣ መጋዘኖቹ መካከል፣ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚሸጥበትና የሚጠገንበት ቤት አለ። የሚሠራበት ሰው የእኛ ልጅ ነው፤ ዲቪ ደርሶት የመጣ፣ አዲስ አበባ ባንክ ቤት የኮምፒውተር ሥራ ይሠራ የነበረ፣ ባለ ትዳር ሰው።

«አባባ፣ ምን ሆነብዎት?» አለኝ ጋቢውን ሲገልጥ።

«ይበላል።»

«ምን ይበላል?»

«ሜሞሪ። ከስምንት ሰባት በላ።»

ሳቁን ዋጠ። «ዲስኩ ስንት ቴራ ነው?»

«አራት ነው ያለችኝ ልጄ።» የሲስተሙንም ስም ማርታ በወረቀት ጽፋ ጎኑ ላይ ለጥፋለት ነበርና አነበበው።

«አሃ! ይሄ ሲስተም ነው? በሥራችን የሚባል ነገር አለ አባባ፤ ለአንድ ቴራ አንድ ጊጋ ሜሞሪ ይላሉ። ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። እንደዚያም ቢታሰብ ለእርስዎ አራት ይበቃዋል። ስምንት አለዎት፤ ትርፍ ነው።»

«ታዲያ ሰባቱን ማን በላው?»

«እሱ ክፍት ቦታ ካገኘ ይይዛል፤ ጠባዩ ነው። ችግር የለውም። እኔን ከሰሙኝ ምንም አያስፈልግዎትም፤ ይዘውት ይግቡ።»

እስቲ ፍረዱ። በዕድሜዬ ብዙ ነጋዴ አይቻለሁ፤ «አያስፈልግህም» ያለኝ ነጋዴ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ አላመንኩትም። የሚሸጥልኝ ቢሆን ኖሮ አምነው ነበር።

«ጨምርበት» አልኩት።

«አባባ…»

«ጨምርበት ብዬሃለሁ! ሆዱ እስኪሞላ ይብላና በቃኝ ይበል።»

እህ ብሎ ሁለት ጨመረበት። ሜሞሪ ማለት እንደ ማስቲካ ቀጭን ነገር ናት፤ አንዷ አራት ትይዛለች። ሁለት የነበሩት አራት ሆኑ፣ ስምንት የነበረው አሥራ ስድስት ሆነ። ሲያስገባ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ በግራና በቀኝ ጫን ሲላት ጠቅ ትላለች። ሊሸኘኝ ሲል፣ «ምናልባት አንድ ቀን ካወጧት እርጥበት እንዳያገኛት፣ ደረቅ ቦታ ያኑሯት» አለኝ። ይቺን ምክር ያዙልኝ። ከሰጠኝ ምክር ሁሉ የሰማሁት እሷን ብቻ ነው።

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። መጀመሪያ ጨዋ መሰለ። እኔም የለመድኩትን ሁሉ ከፈትኩ፤ ዜናውን፣ መዝሙሩን፣ ኳሱን። ከዚያ ለማርታ ያነሣኋቸውን የልደት ቪዲዮዎች ሳይ ቆየሁና ወደ መስመሯ ዞር ብል፣ ከአሥራ ስድስቱ አሥራ አምስቱ የለም!

እኛ ዘንድ ሰው ሲበላ ሥርዓት አለው። እንግዳ ሲገባ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ ከትናንት ጀምሮ ባይቀምስም በልቼ ነው ይላል። ሲለመን ይቀመጣል። ጥቂት ቀምሶ እጁን ይሰበስባል። በሞቴ ሲባል አንድ ይደግማል፤ አፈር ስሆን ሲባል አንድ ይሠልሳል። እንዲህ እየተባባልን ነው የምንጠግበው። ይሄ ግን ማን ብላ አለው? ማን በሞቴ አለው? ገበታ ባሰፋሁለት ቁጥር እስከ ጠርዙ የሚበላ፣ በቃኝ የማያውቅ፣ ይሉኝታ ያልፈጠረበት እንግዳ! እራት ላይ ስለሱ ለአስካለ ሳወራ እንጀራዬን ረስቼው ወጡ ቀዘቀዘ።

«እንግዲህ እሱ ጠገበ፣ አንተ ጾምህን አደርክ» አለችኝ።

ይቺ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። በማግስቱ ረቡዕ ነበር። እንደምታውቁት ረቡዕ ጾም ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ስኳሬ፣ አፌን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ እሱ ደግሞ ፊት ለፊቴ አሥራ አምስት በልቶ ያበራል። ደሜ ፈላ።

«አንተም ትጾማለህ!» አልኩት።

አጥፍቼ ነቀልኩት፤ ጎኑን ከፈትኩት። ጭካኔ እንዳይመስላችሁ፣ ቀለቡን አልከለከልኩትም። የሶዶው ሰው ለአንድ ቴራ አንድ ብሏል፤ አራት ቴራ አለው፤ ስለዚህ አንዷን ባለ አራት ትቼለት ሦስቱን አወጣኋቸው። ልክ እንደ ወታደር ቀለብ፤ ትርፍም የለ፣ ጉድለትም የለ። የወጡትን ሦስቱን ለየብቻ በላስቲክ ጠቀለልኩና ደረቅ ቦታ መፈለግ ጀመርኩ።

እናንተ ሲያትል ላላችሁ አልነግራችሁም። የሐምሌን ፀሐይ ማን ያምነዋል? እዚህ ደረቅ ነገር ማግኘት ከባድ ነው፤ ካልሲ እንኳ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ይረጥባል። ዞርኩ ዞርኩና መልሱ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። በአንድ የእኛ ሰው ቤት ውስጥ ከሁሉ የደረቀው ነገር ምንድን ነው? በርበሬ ነው! አስካለ ሦስት ጊዜ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ክዳኑን አጥብቃ የምታኖረው የበርበሬ ቆርቆሮ። ሦስቱንም እስከ ክርኔ ሰድጄ ቀበርኳቸው። እጄን ሳልታጠብ ዓይኔን በማሸቴ ጥቂት ጊዜ ማየት አልቻልኩም፤ ግን በራሴ ብልሃት በጣም ኮርቼ ነበር። እያለቀስኩ ኮራሁ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን አበራሁት። በራ። እሰይ አልኩ። ግን ምን ሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን የማውሷን ቀስት ወደ ቀኝ ስገፋት ቆይታ ቆይታ ትሄዳለች፤ ተለምና የተላከች ሠራተኛ ትመስላለች። «ጾም የመጀመሪያው ቀን ይከብዳል» ብዬ አዘንኩለት። የኪዳኔን ቪዲዮ ፈልጌ ከፈትኩት። ኪዳኔ በነጭ ሸሚዝ፣ ማይክ ይዞ ብድግ አለ። ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሣ፣ አፉን ከፈተ…

ቆመ።

እጁ ላይ፣ አፉ ክፍት። ጠበቅሁ። አይንቀሳቀስም። አንዱን ነካሁ፣ ሌላውን ነካሁ፣ ምንም። ይሄኔ በሩ ተንኳኳና ለተብርሃን ገባች። ቪዲዮው እንደተገኘ ልታይ ነው የመጣችው።

ስክሪኑን ስታይ ደንግጣ ቆመች። ባሏን ካየችው ስንት ዘመኗ! ሻርፓዋን ወደ አፏ ወሰደች። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ፣

«ለምንድን ነው የማይናገረው?» አለች።

«ይናገራል፤ ታገሺው።»

ታገሠችው። ኪዳኔ አፉን እንደከፈተ ነው።

«ምን አድርገኸው ነው?»

ምን ልበላት? እውነቱን ነገርኳት። «ጾም ላይ ነው።»

«ማን?»

«ኮምፒውተሩ። ከመጠን በላይ ሲበላብኝ ሜሞሪውን ቀነስኩበት።»

ለተብርሃን ዞር ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ወይ ጉድ! ኪዳኔ በቁሙ አንድ ረቡዕ ጾሞ አያውቅም፤ እንኳን ረቡዕ ስቅለትን በልመና ነው ያስጾምኩት። አሁን ሞቶ አንተ ታስጾመዋለህ?»

ይህን ስትል ስክሪኑ ድርግም አለ። ጥቁር ሆነ። ኪዳኔም፣ እጁም፣ አፉም ጠፋ።

እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወጥ ቤት ገብታ ከአስካለ ጋር ጥቂት ተነጋገረች፣ ብብቷ ሥር አንድ ነገር አቅፋ፣ «ደህና ዋል» ብላኝ ወጣች። «ወንድሜ» የምትለዋን ትታታለች።

እሷ ከመውጣቷ አስካለ ማርታ ጋ ደውላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። የሆነውን በሙሉ ነገርኳት። ከዚያ «ኦ ማይ ጋድ» አለች።

«ገደልኩት?» አልኳት። «ኪዳኔ ጠፋ?»

«ኖ፣ አባዬ። ቪዲዮው ዲስኩ ላይ ነው፤ ሜሞሪው ላይ አይደለም። ተስፋ አለኝ ደህና ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፓርኪንግ ስትሠራ፣ ቶሎ ቶሎ የሚወጡትን መኪኖች የት ነበር ፓርክ የምታደርጋቸው?»

«በሩ አጠገብ ነዋ። ባለቤቱ ሲመጣ ከጥግ ድረስ እንዳልሮጥ።»

«በሩ አጠገብ ባዶ ቦታ ካለስ? ባዶውን ትተወዋለህ?»

«ለምን እተወዋለሁ? እሞላዋለሁ እንጂ! ባዶ ቦታ ምን ይጠቅማል?»

«አዲስ መኪና መጥቶ እዚያው ቦታ ቢያስፈልገውስ?»

«አንዱን ወደ ውስጥ አነሣና አስገባዋለሁ፤ ምን ችግር አለው?»

«ሶ?» አለችኝ።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«አባዬ፣ ሶ?»

ሶ ትላለች እንዴ! እኔ ዕድሜ ልኬን ደመወዝ የተከፈለኝ በዚያ ሥራ ነው። ያ ምስኪን ደግሞ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ደጋግሜ የማያቸውን ከጓዳ አውጥቶ በሩ አጠገብ ያቆምልኛል፤ ባዶ ቦታ እስካለ ይሞላል፤ ሌላው ቦታ ሲጠይቀው ይለቃል። እኔ ሆዳም አልኩት። አለቃዬ እኔን መኪና በላህ ቢለኝ ምን እል ነበር?

«እሺ ለምን ቆመ ታዲያ? ለቴራ አንድ ትቼለታለሁ!»

«እሱ ለሲስተሙ ነው። ስክሪኑስ? ቪዲዮው የሚታይበትስ? ሁሉም ከዚያው ነው የሚበሉት። ደግሞ፣ አባዬ፣ ስንት ገጽ ነው የከፈትከው?»

እውነቱን ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩ ከተሰጠኝ ቀን ጀምሮ የከፈትኩትን ዘግቼ አላውቅም። ነገ መልሼ ለምከፍተው ዛሬ ለምን እዘጋዋለሁ? ዜናው እንደተከፈተ ነው፣ መዝሙሩ እንደተከፈተ ነው፣ ያለፈው ዓመት ዋንጫ ጨዋታ እንደተከፈተ ነው። የደብረ ብርሃንን አየር ሁኔታ እንኳ ከፍቼ ትቼአለሁ፤ ደብረ ብርሃን ማንም የለኝም። ለካስ ገበታው ላይ ተኮልኩሎ የሚበላው የእኔ ጭፍራ ነው። አጥፍቼ ሳበራው እንኳ ሁሉንም እንደነበሩ መልሶ ይከፍትልኛል፣ ታማኙ! ሆዳሙ እኔ፣ የተሰደበው እሱ።

«ሜሞሪዎቹን መልሰህ አስገባቸው፤ እኔ በቪዲዮ ኮል እመራሃለሁ» አለች።

ወጥ ቤት ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ ቆርቆሮው የለም።

«አስካለ፣ በርበሬው የት ሄደ?»

«ለተብርሃን ወሰደችዋ። ለሰርጉ ዶሮ ወጥ አንሷት ነበር።»

ያ ብብቷ ሥር አቅፋው የወጣችው ነገር! ዓይኔ እያየ፣ ባሏን በርበሬ ውስጥ እንደተቀበረ ይዛው ሄዳለች።

ለአስካለ ስነግራት አልጮኸችም። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። «የምበላውን በርበሬ…» አለችና አልጨረሰችውም። ከዚያ «ስልኩን ተወው፣ እግርህን አንሣ!» አለች።

ለተብርሃን ቤት ስደርስ ጋራዡ ክፍት ነው፤ ሴቶች ሞልተውበታል። ትልልቅ ድስት ተጥዷል፣ ሽንኩርት ተራራ ሆኗል። ለተብርሃን ማማሰያ ይዛ ዞር አለች። እዚያ ሁሉ ሴት ፊት፣ ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ፣

«በርበሬው ውስጥ የእኔ ዕቃ አለ» አልኩ።

«የምን ዕቃ?»

«ሜሞሪ።»

አንዷ ሴትዮ «ምን አለ?» ስትል ሌላዋ «ሜሞሪ፣ ማስታወስ! ያጣውን ነዋ የሚፈልገው» አለች፤ ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ለተብርሃን ግን አልሳቀችም። «በርበሬውን ግማሹን ድስት ውስጥ ጨምረነዋል» አለች።

የቀረውን ሳፋ ላይ ገልብጠው በወንፊት ይነፉት ጀመር። ሰው ሁሉ ያነጥሳል፤ መንገድ ላይ የሚያልፈው የጎረቤት ውሻ እንኳ አነጠሰ። አንዷ ወጣች። ሁለተኛዋ ወጣች። ሦስተኛዋ የለችም። ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ድስቱ አዩ። ለተብርሃን ማማሰያዋን ከታች አዘቅዝቃ ሳበችና ከቁሌቱ መካከል አንዲት ቀይ ነገር አወጣች፤ ላስቲኳ ቀልጦ፣ እንደ ቋንጣ ተጠብሳ።

«በስላለች» አለች አንዷ። «ጨው ብቻ ነው የሚጎድላት።»

«አትድፉት ይልቅ! ይህን ወጥ የበላ ሰው ውለታ አይረሳም!»

ድስቱ ግን ተደፋ። ላስቲክ የቀለጠበት ለሰው አይቀርብም። ፍርዱም ወዲያው ተሰጠ፤ የተደፋውን ሽንኩርት የምተካው እኔ ነኝ። ቢላ ሰጡኝ። ስከትፍ፣ ሳለቅስ፣ ስከትፍ ቆየሁ፤ በርበሬው ከጠዋት ያስጀመረኝን ለቅሶ ሽንኩርቱ ጨረሰው። ለተብርሃን አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ወጡ ይቅር፣ ሌላ እንሠራለን» አለችኝ ቀስ ብላ። «እሱ ይነሣል ወይ? እውነቱን ንገረኝ። ካልሆነ ዛሬውኑ ልወቀውና ይውጣልኝ።»

መሐላ አፌ ላይ መጣ፤ መለስኩት። «አላውቅም» አልኳት። በዚህ ሳምንት ከተናገርኩት ሁሉ እውነተኛው ቃል ይሄ ነበር።

አብራኝ ወደ ቤት መጣች። ማርታ በስልክ ቪዲዮ አለች፤ አስካለ ስልኩን ይዛዋለች፤ እኔ ተንበርክኬአለሁ። ሁለቱን የተረፉትን በለስላሳ ብሩሽ አራገፍናቸው። «አባዬ፣ ቀስ። በግራ ጫን። በቀኝ ጫን።» ጠቅ አለች። ሁለተኛዋም ጠቅ አለች። አበራሁት። ከኋላው ያለው ማራገቢያ መዞር ሲጀምር ቤቱ በርበሬ በርበሬ ሸተተና አራታችንም አነጠስን፤ ማርታ እንኳ በስልክ አነጠሰች፣ ልማድ ይሆናል። ከዚያ ገጾቼን አንድ በአንድ አዘጋችኝ። የደብረ ብርሃኑን ስዘጋ ትንሽ ከፋኝ።

ማርታ አንድ ትእዛዝ ጻፍ አለችኝ፤ በአንድ ጣት ጻፍኩ። ጎተራ ጠባቂው እያንዳንዱን ነገር ያገላብጥ ጀመር። ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ… ለተብርሃን የሻርፓዋን ጫፍ ስትፈትልና ስትፈታ ነበር።

«ኖ ኤረርስ!» አለች ማርታ። «አንድም አልተበላሸም። ክፈተው፣ አባዬ።»

ከፈትኩት። ኪዳኔ ብድግ አለ። እጁን አነሣ፣ አፉን ከፈተ፣ «አቦ እስቲ ጸጥ በሉ!» አለ።

«አቁመው!» ብላ ለተብርሃን ጮኸች። «በቃ። የቀረውን ከልጄ ጋር ነው የምሰማው።» ዓይኗን በሻርፓዋ ጠራርጋ፣ «ወንድሜ፣ ሽንኩርቱን አልጨረስክም» አለችኝ።

ወንድሜ አለችኝ! ሄጄ ሽንኩርቱን ጨረስኩ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሏል። ምሳ ከተበላ በኋላ መብራቱ ደብዘዝ አለና ኪዳኔ ግድግዳውን ሞልቶ ቆመ። አንድ ጊዜ ራሱ ሳይቆረጥ ያነሣሁት እሱን ነው። ሳባ ቬሏን ወደ ኋላ ወርውራ ብድግ አለች።

«አቦ እስቲ ጸጥ በሉ! ልጆቼን ልመርቅ ነው» አለ ኪዳኔ። ትልቋን መረቀ። ሰዉ በስክሪኑ ውስጥም በአዳራሹም «አሜን» አለ። «አሁን ደግሞ ታናሿ…» ሲል ከካሜራው ኋላ አንድ ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ገባ።

«ኪዳኔ፣ አሳጥረው! ካርዱ ሊሞላብኝ ነው!»

የማን ድምፅ ነው? የእኔ ነዋ! የማን ሊሆን ነው? ያን ያህል ሰው ዞሮ አየኝ። ከወንበሬ ሥር የምገባበት ቀዳዳ ፈለግሁ። ኪዳኔ ግን ከዚያ ከግድግዳው ላይ በቀጥታ ወደ እኔ ተመለከተና ሳቀ።

«አቦ ይሙላ! የተሠራው ሊሞላ አይደል እንዴ? ባዶውን ይዘኸው ልትቀበር ነው?»

አዳራሹ አውካካ። ለተብርሃን እንባዋ እየወረደ ሳቀች፤ በዚያ ሳምንት ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ኪዳኔ ወደ ጎን ዞረ፤ ትንሿ ሳባ ቆማ ወደነበረችበት።

«ሳባዬ፣ የአንቺ ቀን ሲደርስ ካለሁ እደግመዋለሁ፤ ከሌለሁም ይሄው ቀድሜ መጥቻለሁ። የወደድሽው ይውደድሽ። ጓዳሽ አይጉደል። ገበታሽ ሰው አይጣ። የመጣውን ሁሉ ብላ በይው፣ በቃኝ ቢልሽም እንዳትሰሚው።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ። ሳባ ሁለት እጇን ዘርግታ «አሜን፣ አባ» አለች። ወዲያው ስክሪኑ ጠፋ። ምንም አልተበላሸም፤ ካርዱ ሞልቶ ነው።

ቤት ስንገባ አስካለ ጫማዋን ስታወልቅ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ማራገቢያው ገና በርበሬ ይነፋል። ያቺን መስመር አየኋት። አንዷ ወጥ ሆና ቀርታለችና ሜሞሪው አሥራ ሁለት ነው። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱን ይዟል።

ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ።

«ብላ» አልኩት። «በሞቴ፣ ብላ።»